ታዳጊ ልጅ በድባቴ ሲያዝ፦ መቼና እንዴት እርዳታ መፈለግ ይገባል?

በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆች መኮሳተራቸው፣ ክፍላቸውን ዘግተው መቀመጣቸውና በትንሽ ነገር መቆጣታቸው የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጆች ድባቴን (በተለምዶ ድብርት የሚባለውን) ከዕድሜው ጠባይ ለይተው ለማወቅ ይቸገራሉ። ድባቴ ስንፍና፣ ጥጋብ ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። ሊታከም የሚችል ሕመም ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ሕክምናው ይቀላል።

ከተራ ሐዘን በምን ይለያል?

ራስዎን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ።

• ስንት ጊዜ ቆየ? ፈተና ወድቆ ወይም ከጓደኛ ተጣልቶ ማዘን በጥቂት ቀናት ይቀላል። ድባቴ ግን በአብዛኛዎቹ ቀናት፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል።
• የት የት ይታያል? ቤት ውስጥ ብቻ ነው ወይስ በትምህርት ቤትና ከጓደኞች ጋርም?
• ምን አስተጓጎለ? ትምህርት፣ እንቅልፍ፣ ምግብ ወይስ የሚወደውን ነገር?

በታዳጊዎች ላይ የሚታዩ ምልክቶች

• ከሐዘን ይልቅ ብስጭትና ቁጣ መብዛት
• ይወደው ከነበረው ኳስ፣ ሙዚቃ ወይም ጓደኛ መራቅ
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት
• የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር
• ምክንያቱ ያልታወቀ ተደጋጋሚ የራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም ወይም ድካም
• የትምህርት ውጤት በድንገት መውረድ፣ ከክፍል መቅረት
• «አልረባም»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት
• መጠጥ ወይም ጫት መጀመር፣ ሰውነትን መቁረጥ

አንድ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ቢታይም ድባቴ ሊኖርበት ይችላል። አንዳንዶች ውጭ ሲውሉ ደብቀውት፣ ቤት ሲገቡ ይፈነዳሉ።

እንዴት ላነጋግረው?

ሁለታችሁ ብቻ የሆናችሁበትን ጊዜ ይምረጡ፤ አብሮ መንገድ መሄድ ወይም ሥራ እየሠሩ ማውራት ፊት ለፊት ከመቀመጥ ሊቀል ይችላል። ያዩትን ይንገሩት፦ «ሰሞኑን ምግብ አትበላም፣ ኳስም ትተሃል። አሳስቦኛል፤ ምን ከብዶህ ነው?» ከዚያ ያዳምጡ። «ምን ጎደለህ?»፣ «እኛ በአንተ ዕድሜ...» የሚሉት ንግግሮች ልጁን ዝም ያሰኙታል። የመጀመሪያው መልስ «ምንም አልሆንኩም» ቢሆን ተስፋ አይቁረጡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግመው ይጠይቁ። ለእርስዎ መናገር ከከበደው የሚቀርባት አክስት፣ አጎት ወይም መምህር ሊያነጋግሩት ይችላሉ።

ስለ ሞት ማሰቡን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይጨምርም። «መሞት የሚሻል መስሎ ተሰምቶህ ያውቃል?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ልጁን ያቀለዋል።

መቼ ወደ ሕክምና ልሂድ?

ምልክቶቹ 2 ሳምንት ከሞላቸው፣ ወይም ትምህርቱንና ኑሮውን ካወኩ በዚያው ሳምንት ባለሙያ ያማክሩ።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሂዱ፦

• ስለ መሞት ወይም ራስን ስለማጥፋት መናገር ወይም መጻፍ
• ራስን መጉዳት
• የሚወደውን ዕቃ ማደል፣ እንደ ስንብት ያለ ንግግር
• ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ መስማት
• መብላትና መጠጣት ማቆም

ልጁን ብቻውን አይተዉት። መድኃኒቶችን፣ የተባይና የአይጥ መርዝን፣ በረኪናን፣ ስለታም ነገሮችንና የጦር መሣሪያን ከቤት ያውጡ ወይም ይቆልፉ። መርዝ ወይም ብዙ ኪኒን ወስዶ ከሆነ እንዲያስመልሰው አይሞክሩ፤ ዕቃውን ይዘው በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች 988 መደወል ይችላሉ፤ በእስራኤል 1201 ነው።

የት ልሂድ?

በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መጀመር ይቻላል፤ እንደ አስፈላጊነቱ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ይልኩዎታል። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ብዙ ቤተሰብ «አማኑኤል ሄደ» መባልን ይፈራል፤ ነገር ግን እዚያ ከሚታከሙት ብዙዎቹ ታይተው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተመላላሽ ታካሚዎች ናቸው።

ሲሄዱ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩንና ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ጽፈው ይያዙ። ባለሙያው ልጁን ለብቻው ሊያነጋግር ይችላል፤ ይህን ይፍቀዱ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ቀላል ለሆነ ድባቴ በአብዛኛው የንግግር ሕክምና ይቀድማል። ከበድ ሲል ፍሉኦክሴቲን የተባለ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ሊታዘዝ ይችላል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ጥቂት ሳምንታት ይፈጅበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዳንድ ታዳጊዎች ላይ መቅበጥበጥ ወይም የሞት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ልጁን በቅርብ ይከታተሉ፤ ለውጥ ካዩ ወዲያው ለሐኪሙ ይንገሩ። ኪኒኑን እርስዎ ይያዙት፣ በየቀኑም እርስዎ ይስጡት። ልጁ ተሻለው ብለው ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡት፤ ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒትም አይስጡት።

ጸሎት፣ ጸበል ወይም ዱዓ ለቤተሰቡ ብርታት ከሆኑ ከሕክምናው ጎን ለጎን መቀጠል ይችላሉ። ለእነርሱ ሲባል ግን መድኃኒት መቋረጥ ወይም ቀጠሮ መዘለል የለበትም።

መሻሻል ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ልጅዎ አንድ ቀን ተነስቶ ቁርስ አብሯችሁ ቢበላ፣ ሌላ ቀን ትምህርት ቤት ቢሄድ፣ እነዚህ የመዳን ምልክቶች ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት ሕክምና በኋላ ለውጥ ካላዩ ደግሞ ተመልሰው ይጠይቁ፤ ሕክምናው ሊስተካከል ይችላል።