አንድ ዕቅድ ለብዙ አንባቢ፦ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ዕይታን ማዘጋጀትና ማካፈል

የአንድን ፕሮጀክት ዕቅድ ብዙ ሰዎች ይመለከቱታል፤ የሚፈልጉበት ነገር ግን የተለያየ ነው። የመስክ ተቆጣጣሪው «በዚህ ሳምንት የትኛው ሥራ ይጀመራል?» ይላል። ሒሳብ ሹሙ «እስካሁን ምን ያህል ወጣ? ምን ያህልስ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሥራው ያዋጡ ምእመናን ደግሞ «ውኃው መቼ ይደርሳል?» ይላሉ። ሦስቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ለሦስቱም መልሱ የሚገኘው ከአንዱ ዕቅድ ነው።

በብዙ ቢሮዎች የተለመደው አሠራር ግን ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ለመስኩ አንድ፥ ለሒሳብ ክፍሉ አንድ፥ ለአጥቢያዎች አንድ ዝርዝር ይጻፋል። እንግዲህ የቧንቧው ዕቃ በሦስት ሳምንት ዘገየ እንበል። የመስኩ ዝርዝር ወዲያው ይታረማል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ሳይታረሙ ይቀራሉ። ከዚህ የተነሣ ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ሥራ ሦስት ዓይነት ቃል ይሰማሉ። ማንም ሊዋሽ ባያስብም፥ በሰጪውና በሠራተኛው መካከል ያለው መተማመን ይጎዳል።

ይህን ችግር ለማስወገድ የሚረዳው፥ በፕሮጀክት ማቀጃ ፕሮግራሞች ውስጥ «ቪው» የሚባለው፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ዕይታ» የምንለው ነገር ነው። ብዙ የፕሮጀክት ቢሮዎች የሚያውቁት ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ስለ ሆነ፥ ምሳሌያችንን በኮምፒዩተር ላይ ከሚጫነው ከዚሁ ፕሮግራም እንወስዳለን።

ዕይታ ማለት ምን ማለት ነው?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት በ1910ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሥራን በጊዜ መሥመር ላይ በአግድም ዘንግ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በሰፊው አስተዋወቀ። ዛሬም «ጋንት ቻርት» እያልን የምንጠራው በእርሱ ስም ነው። ያ ሠንጠረዥ በወረቀት ላይ በነበረበት ዘመን፥ አንድ ወረቀት የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌላ ነገር ለማየት የፈለገ ሌላ ወረቀት መሣል ነበረበት። የመጀመሪያው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በ1984 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ይህን ሁኔታ ለውጦታል። ሥራው፥ ቀኑ፥ ወጪውና ሠራተኛው አንድ ጊዜ ይመዘገባሉ፤ ዕይታው ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል።

አንድን ግቢ ከሦስት መስኮት እንደ ማየት ነው። በአንዱ መስኮት በሩ ይታያል፥ በሌላው ጉድጓዱ፥ በሦስተኛው አትክልቱ። ግቢው ግን አንድ ነው። በመሆኑም በአንዱ ዕይታ ላይ የቧንቧው ቀን ቢታረም፥ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ታርሞ ይገኛል። ዕይታን መለወጥ መዝገቡን መለወጥ አይደለም፤ በዕይታው ላይ ሆኖ ቁጥርን መለወጥ ግን መዝገቡን መለወጥ ነው። ይህን ልዩነት ሠራተኛ ሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው ይገባል።

የዕይታ አራት ክፍሎች

አንድ ዕይታ ከአራት ነገሮች ይገነባል።

የመጀመሪያው ቅርጹ ነው፤ ፕሮግራሙ «ስክሪን» ይለዋል። ይኸውም ዘንጉ፥ የቀን መቁጠሪያው፥ የሠራተኞች ዝርዝሩ ወይም ሌላው መልክ ነው። ዕይታው አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ ቅርጹን መለወጥ ስለማይቻል፥ በመጀመሪያ በሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሠንጠረዡ ነው፤ «ቴብል» ይባላል። የትኞቹ ዐምዶች በምን ቅደም ተከተልና በምን ስፋት እንደሚታዩ የሚወስነው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ማጣሪያው ነው፤ «ፊልተር» ይባላል። ከሥራዎቹ መካከል የትኞቹ እንደሚታዩ ይመርጣል። ያልተመረጡት ይሰወራሉ እንጂ አይጠፉም።

አራተኛው ምድቡ ነው፤ «ግሩፕ» ይባላል። የሚታዩትን ሥራዎች በቀበሌ፥ በኃላፊ ወይም በሌላ መለያ ሰብስቦ ያስቀምጣል።

አዘገጃጀቱ

ለምሳሌ ያህል በሁለት ቀበሌዎች የሚካሄድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ እናስብ። በዕቅዱ ውስጥ የቦታ ጥናት፥ የምንጩ ዓይን ግንባታ፥ የሮቶ ተከላ፥ የቧንቧ ዝርጋታ፥ የቦኖ ሥራና የውኃ ኮሚቴ ሥልጠና አሉ።

በመጀመሪያ ለቀበሌው መለያ ዐምድ ያስፈልጋል። «ፕሮጀክት» በሚለው ትር ሥር «ከስተም ፊልድስ» የሚለውን ይክፈቱ። ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ከ«ቴክስት 1» እስከ «ቴክስት 30» ድረስ 30 ባዶ ዐምዶች አዘጋጅቷል። አንዱን መርጠው «ቀበሌ» ብለው ይሰይሙ። ከዚያም «ሉክአፕ» በሚለው የቀበሌዎቹን ስም አንድ ጊዜ ያስገቡ። ሠራተኛው ከዝርዝሩ ስለሚመርጥ አንዱ ቀበሌ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ አይገባም፤ አለዚያ ማጣሪያው ግማሹን ሥራ ሊዘለው ይችላል።

ቀጥሎ ሠንጠረዡን፥ ማጣሪያውንና ምድቡን ያዘጋጁ። ከዚያ በኋላ «ቪው» በሚለው ትር ሥር «ሞር ቪውስ» ከሚለው ገብተው «ኒው» የሚለውን ይጫኑ። ስሙን ይጻፉ፤ ቅርጹን፥ ሠንጠረዡን፥ ምድቡንና ማጣሪያውን ይምረጡ። «ሾው ኢን ሜኑ» የሚለው ላይ ምልክት ካደረጉ፥ ማንም ሠራተኛ ዕይታውን ከዝርዝሩ በቀላሉ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ይዞት የመጣውን ዕይታ ከመነካካት ይልቅ በ«ኮፒ» ቅጂውን ወስዶ ማስተካከል ይሻላል።

ስም አወጣጡም ቀላል ነገር አይደለም። «አዲስ ዕይታ 2» ከሚል ስም ይልቅ «መስክ - ያላለቁ ሥራዎች በቀበሌ» የሚለው ስም ሌላውን ሠራተኛ ያስተምረዋል። ሠንጠረዡና ማጣሪያውም ተመሳሳይ ስም ቢኖራቸው በኋላ ለማካፈል ይመቻል።

ለሦስቱ ጠያቂዎች ሦስት ዕይታ

ለመስክ ተቆጣጣሪው፦ የሥራው ስም፥ መጀመሪያው ቀን፥ ማለቂያው ቀንና ኃላፊው ይበቃሉ። ማጣሪያው ያላለቁ ሥራዎችን ብቻ ያሳይ፤ ምድቡ በቀበሌ ይሁን። «ሾው ሪሌትድ ሰመሪ ሮውስ» የሚለውን ምልክት ማድረግ አይርሱ፤ አለዚያ «የቧንቧ ዝርጋታ» የሚለው ዋና ርእስ ይሰወርና ሥራዎቹ ርእስ አልባ ሆነው ይታያሉ።

ለሒሳብ ሹሙ፦ የታቀደው ወጪ፥ የወጣው፥ የቀረውና በመካከሉ ያለው ልዩነት ይታይ። ለዚህ ዕይታ ማጣሪያ ባይደረግበት ይመረጣል፤ ድምሩ የሁሉም ሥራ ድምር መሆን ስላለበት።

ለምእመናን፦ ዝርዝሩን ሁሉ ማሳየት አያስፈልግም። ዐቢይ የሆኑትን ምዕራፎች ብቻ፥ ማለትም «ምንጩ ተገነባ»፥ «ቧንቧው ደረሰ»፥ «ውኃው ተከፈተ» የሚሉትን ያሳዩ። ፕሮግራሙ እነዚህን «ማይልስቶን» ይላቸዋል፤ እነርሱን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያም አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ከአሁኑ የማለቂያ ቀን አጠገብ በመጀመሪያ የታቀደውን ቀን የሚያሳየውን «ቤዝላይን ፊኒሽ» የተባለውን ዐምድ ያኑሩ። ይህ እንዲሠራ ሥራው ሳይጀመር «ሴት ቤዝላይን» በሚለው የመጀመሪያው ዕቅድ መቀመጥ አለበት። እንዲህ ሲሆን መዘግየት ቢኖር አንባቢው በግልጽ ያየዋል፤ ምክንያቱንም መጠየቅ ይችላል።

በመቶኛ የሚገለጠውንም ቁጥር በጥንቃቄ እንያዘው። «ፐርሰንት ኮምፕሊት» የሚለው ዐምድ የሚለካው ለሥራው ከተመደበው ጊዜ ምን ያህሉ እንደ ተሠራበት ነው። 50 ከመቶ ስላለ የቧንቧው ግማሽ ተዘርግቷል ማለት አይደለም፤ ገንዘቡም በግማሽ ወጥቷል ማለት አይደለም። ይህ ቁጥር ለምእመናን የሚቀርብ ከሆነ ትርጉሙ ከሥሩ በአንድ መሥመር ይጻፍ።

ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር እንበል። ዕቅዱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ ከሆነ፥ ከባዶዎቹ የጽሑፍ ዐምዶች አንዱን «በኢትዮጵያ ቀን» ብሎ መሰየም ይቻላል። ነገር ግን በእጅ የተጻፈው ቀን ዕቅዱ ሲዘዋወር አብሮ አይዘዋወርም። ስለዚህ ይህን ዐምድ ለዐቢይ ምዕራፎች ብቻ ማድረግና ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ዳግመኛ ማመሳከር ይገባል።

ዕይታን ስለ ማካፈል

ዕይታን ለሌላ ሰው የማድረስ ሦስት መንገዶች አሉ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ተቀባዩ ነው።

አንደኛው ፋይሉን ራሱን መስጠት ነው። ዕይታው በፋይሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ አብሮ ይሄዳል። ይህ አብሮ ለሚሠራ ባልደረባ ይሆናል።

ሁለተኛው ዕይታውን ብቻ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ማሻገር ነው። «ፋይል» ከዚያም «ኢንፎ» በሚለው ሥር «ኦርጋናይዘር» የሚባል መሣሪያ አለ። በእርሱ አማካይነት ዕይታውን ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው፥ ወይም «ግሎባል» ወደሚባለው የኮምፒዩተሩ የጋራ መዝገብ መቅዳት ይቻላል። «ግሎባል» የገባ ዕይታ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ለሚከፈቱ ፕሮጀክቶች ሁሉ ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ ዕይታው ሲቀዳ ሠንጠረዡ፥ ማጣሪያው፥ ምድቡና «ቀበሌ» ያልነው ዐምድ አብረው አይቀዱም። እያንዳንዱን ከየትሩ እየገቡ መቅዳት ያስፈልጋል። ቀደም ሲል ተመሳሳይ ስም ስጡ ያልነውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ማተም ወይም ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። ለአጥቢያዎችና ፕሮግራሙ ለሌላቸው ሁሉ የሚስማማው ይህ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ማንም ሳይሳሳት ሊለውጠውም አይችልም። የታተመበት ቀን ግን ይጻፍበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው፦ መሰወር መቆለፍ አይደለም። የርዳታ እህል የሚቀበሉ ቤተሰቦች ስም፥ የታመሙ ሰዎች ሁኔታ ወይም የሠራተኛ ደመወዝ በፋይሉ ውስጥ ካለ፥ ዐምዱን ከዕይታ ማውጣት ምሥጢሩን አይጠብቀውም። ፋይሉን የተቀበለ ሰው ሌላ ዕይታ በመክፈት ብቻ ሁሉንም ያገኛል። የመበለቲቱ ችግር በመንደሩ ሁሉ ቢነገር የሚያፍረው ዕቅዱን የሠራው ሰው ሳይሆን እርሷ ናት። ስለዚህ የሰዎች ስምና የግል ሁኔታ መጀመሪያውኑ በሥራ ዕቅድ ፋይል ውስጥ ባይገባ፥ በተለየና በሚጠበቅ መዝገብ ቢያዝ ይሻላል። ወደ ውጭ የሚወጣውም የታተመው ወይም ፒዲኤፉ እንጂ ፋይሉ አይሁን።

ሁለተኛው፦ ማጣሪያ እውነትን ሊያጣምም ይችላል። ያለቁትን ሥራዎች ብቻ የሚያሳይ ዕይታ ታትሞ ቢወጣ፥ በላዩ ያለው እያንዳንዱ መሥመር እውነት ነው፤ አንባቢው የሚወስደው ሐሳብ ግን ሐሰት ነው። የዘገየው ሥራ በወረቀቱ ላይ የለምና። በመሆኑም ወደ ምእመናን የሚሄድ ማንኛውም ዕይታ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ከራሱ ላይ ይጻፍበት። «ዐቢይ ምዕራፎች ብቻ፤ የዘገዩትም ጭምር» የሚል አንድ መሥመር ይበቃል። ምእመናንም እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳችሁ «ከዚህ ውስጥ ያልታየው ምንድር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቅንነት የሚሠራም ሰው አይከፋበትም።

በፕሮጀክት ቢሮ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚቀጥለው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አንድ ነገር አድርጉ። ዕቅዱን የሚመለከቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ጻፉ፤ በእያንዳንዱም ስም ፊት ለፊት የሚጠይቀውን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስፍሩ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዕይታ፥ ከዚያም ያልበለጠ፥ ይዘጋጅ። ማን እንደሚያዘጋጀውና በወር ምን ያህል ጊዜ እንደሚታተም ወስኑ። በየጊዜው የሚጻፉት ልዩ ልዩ ዝርዝሮችም ይቅሩ። የቧንቧው ቀን ሲለወጥ፥ ተቆጣጣሪውም፥ ሒሳብ ሹሙም፥ በሩቅ ያሉት ሰጪዎችም አንድ ቃል ይሰማሉ።