በሬው በእስቴ ገበያ፣ ዕዳው በብሔራዊ ባንክ መዝገብ

ከመካነ ኢየሱስ፣ ከወገዳ ወይም ከነፋስ መውጫ ገበያ የቁም ከብት የሚገዛ ነጋዴ ጥርስ አይቶ፣ ሻኛ ዳስሶ፣ በደላላ ፊት ዋጋ ይቆርጣል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሕጋዊ ክብደት አግኝቷል፦ በሬው ለብድር ተይዟል ወይስ አልተያዘም?

ጥያቄውን ያመጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። አዋጁ የቁም ከብት፣ የእርሻ ምርት፣ ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ የመጋዘን ዕቃና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ የብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መያዣው በመርሕ ደረጃ ለአበዳሪው እንዲረከብ ይጠይቅ ነበር። በሬውን አስረክቦ ማረስ ደግሞ አይቻልም። የዚያው ዓመት የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ሳያስረክቡ ማስያዝ ቢፈቅድም የጠቀመው ነጋዴውን እንጂ ገበሬውን አልነበረም። መሬትም አይሸጥም፤ የመጠቀም መብትን ማስያዝ የተፈቀደው በቅርብ ዓመታት ነው። ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ከተማ ቤት የሌለው ተበዳሪ ምርጫው የኋላው ፀደይ ባንክ፣ የያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የሚሰጠው የቡድን ዋስትና ብድር ወይም የአራጣ አበዳሪ ነበር።

ቀድሞ ያስመዘገበ ይቀድማል

የአዲሱ ሕግ አንጓ በብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። አንድ የእስቴ አድላቢ አምስት ሰንጋዎችን ለሁለት አበዳሪዎች አስይዟል እንበል። በመርሕ ደረጃ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ የተዋዋለው ሳይሆን ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ሰንጋዎቹ ቢሸጡም የአበዳሪው መብት ወደ ሽያጩ ገንዘብ ይሸጋገራል።

ገዢውስ? ከብት መሸጥ መደበኛ ሥራው ከሆነ ሰው በተለመደው የንግድ አካሄድ የገዛ ነጋዴ በአጠቃላይ ከዕዳው ነፃ ሆኖ ይወስዳል። የእርሻ በሬውን አንድ ጊዜ ከሚሸጥ ገበሬ የገዛ ግን ዕዳው ከበሬው ጋር ተከትሎት ሊመጣ ይችላል። የደላላው ምስክርነት መዝገቡን አይሽርም።

ታርጋ የሌለው መያዣ

መኪና የሻንሲ ቁጥር አለው፤ በሬ የለውም። ስለዚህ የከብት ፍለጋ የሚደገፈው በባለቤቱ መለያ ላይ ነው። እዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ጠቀሜታ ግልጽ ነው፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች የሚለየው ቁጥር ነውና።

ይሁን እንጂ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚሠራው መስመር ሲኖር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር በሌለበት ጊዜ ነጋዴው ከስልኩ ማጣራት አይችልም፤ መንገድ ሲዘጋም አበዳሪው መያዣውን ማየት ይቸግረዋል። ከብት የሚሞት፣ የሚታረድና በአንድ ሌሊት ከወረዳ ወረዳ የሚነዳ ሀብት መሆኑ ሲታከልበት ባንኮች ቤትን የሚመርጡበት ምክንያት ይገባል።

ሌላው ዓለም ከዚህ አልፎ ሄዷል። የአሜሪካ ግዛቶች የሚጋሩት የንግድ ሕግ በ2022 እ.ኤ.አ. በቀረበለት ማሻሻያ በዲጂታል ንብረት ላይ ንብረቱን በቁጥጥሩ ሥር ያደረገ አበዳሪ በምዝገባ ብቻ ከተማመነው እንዲቀድም አድርጓል። በጉና ግርጌ ያለው ጥያቄ ግን ገና በሬውን ከመዝገቡ ጋር ማገናኘት ነው።

እስከዚያው ለነጋዴው የሚበጀው ከፍ ያለ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሻጩን መለያ ጠይቆ መዝገቡን ማስፈተሽ፣ ሻጩም ዕዳ እንደሌለበት በውሉ ማስፈር ነው። ዕዳውን የከፈለ ገበሬም ምዝገባው እንዲሰረዝ መጠየቅ አለበት። ያልተሰረዘ ስም የነፃውን በሬ ዋጋ ያወርዳልና።