«ምን ሰካሽ?» – የቤይሩት መብራትና የልጆች ጨዋታ

የረመዳን ቀን ወደ ማብቂያው ነው። በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ቤት ልጆቹ ከመግሪብ አዛን በፊት ያለውን ረጅም ሰዓት በፕሌይስቴሽን እግር ኳስ እየገፉት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃው ግሏል፤ የገላ ውኃ ማሞቂያውም ተከፍቷል። በድንገት ቤቱ ይጨልማል። ልጆቹ ከሳሎን ይጮኻሉ። የቤቱ እመቤት ብቅ ትልና ለኢትዮጵያዊቷ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ታቀርባለች፦ «ምን ሰካሽ?»

በሊባኖስ የሚኖሩ ብዙ እኅቶቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል። የጨዋታ መሣሪያውን ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘትም ሆነ ልጆቹ ሲተኙ ገመዱን መሰብሰብ የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነው። መሣሪያው ሲቃጠልም ጣት ወደ እነርሱ ይቀሰራል። እውነተኛውን ምክንያት ማወቅ ታዲያ ለእነርሱ ከሙያ ያለፈ ጥቅም አለው።

ገመዱ ራሱ ቀላል ነገር ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱን አንድ ጫፍ ከመሣሪያው፣ ሌላውን ከቴሌቪዥኑ ሰክቶ በሪሞት የዚያን ሶኬት ቁጥር መምረጥ ይበቃል። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ብቻ ላለው አሮጌ ቴሌቪዥን የሚስማማው የቀድሞ ዘመን መሣሪያ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዕድሜ የገፉ ሊባኖሳውያን ማንኛውንም የቴሌቪዥን ጨዋታ እስከ ዛሬ «አታሪ» ይሉታል፤ አታሪ እ.ኤ.አ. በ1977 መሣሪያውን ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካ ኩባንያ ስም ነው።

አስቸጋሪው መብራቱ ነው። በቤይሩት አንድ ቤት ሁለት መብራት አለው፦ «ደውለ» የሚሉት የመንግሥት መብራትና «ኢሽቲራክ» የሚሉት የሰፈር ጄኔሬተር ኪራይ። ከ1975 እስከ 1990 ከዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላም የመንግሥቱ መብራት ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ከ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በፊት ዋና ከተማዋ በቀን ለሦስት ሰዓት ያህል ስትጨልም፣ የዳርቻዎቿ ጨለማ ከዚያ በእጅጉ ይረዝም ነበር። ቀውሱ ሁሉንም አባሰው። በጥቅምት 2021 ዴይር አማርና ዛህራኒ የተባሉት ሁለት ትልልቅ ኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አጥተው ሲቆሙ የመንግሥት መብራት በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ በነሐሴ 2024ም ዛህራኒ ነዳጅ ሲያልቅበት ያው ተደገመ።

ከጄኔሬተሩ ብዙ ቤተሰብ የሚከራየው አምስት አምፔር ነው። አምስቱን በ220 ቮልት ብናባዛ 1100 ዋት እናገኛለን፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊጠቀም የሚችለው ይህን ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታ ላይ ሳለ ወደ 200 ዋት ይወስዳል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ መቶ ያህል። የገላ ውኃ ማሞቂያ ግን ብቻውን 1500 ዋትና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። እንግዲህ በኢፍጣር ሰዓት ብሬከሩን የጣለው ማን እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። የልጆቹም ጨዋታ፣ የሰካችውም ሠራተኛ ነጻ ናቸው።

ለመሣሪያው የበለጠ አደገኛው መብራቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርባት ቅጽበት ናት። ኃይሉ ይቋረጣል፣ ሲመለስም አንዳንዴ ከልኩ ከፍ ብሎ ይመጣል። መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ጨዋታ እያስቀመጠ ከነበረ የተቀመጠው ሊበላሽ ይችላል፤ ከፍ ብሎ የመጣው ኃይልም የውስጥ አካሉን ሊያቃጥል ይችላል። ጨዋታውንና ቴሌቪዥኑን በአንድ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ይህን ያስቀራል፤ ትንሹም ቢሆን ጨዋታውን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ዩፒኤስ ከሌለ ስታቢላይዘር የኃይሉን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል፤ መቋረጡን ግን አይከለክልም። መሣሪያውን «በእረፍት» ሁኔታ ትቶ መተኛት ደግሞ በዚህ ከተማ አይመከርም። ብዙ ጄኔሬተሮች ሌሊት ይቆማሉ፤ የሱሑር ምግብ በባትሪ ብርሃን የሚቀርበውም ለዚሁ ነው። ማታ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ከሶኬቱ መንቀል ይሻላል።

በአሮጌ ሕንፃዎች ያሉ ሶኬቶች ብዙውን ጊዜ የመሬት መስመር የላቸውም። የመሣሪያውን ወይም የቴሌቪዥኑን ብረት ሲነኩ ጣትን ነዘር የሚያደርግ ነገር ካለ ምልክቱ ይህ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ኤችዲኤምአዩን መብራት እንዳለ መሰካትና መንቀል ቀዳዳውን ሊያቃጥለው ይችላል። መጀመሪያ ሁለቱንም ከግድግዳው መንቀል፣ ከዚያ ገመዱን ማገናኘት፣ መብራቱን ወደ መጨረሻ ማድረግ ይገባል።

በቡርጅ ሐሙድ፣ በዶራ ወይም በሰብራ ከጓደኞቻቸው ጋር ክፍል የተከራዩ እኅቶች ደግሞ ለዒድ ወደ አገር ቤት ይዘውት የሚገቡትን ያገለገለ መሣሪያ ሲመርጡ ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ። «100–240» ወይም «220–240» ቮልት ካለ ለደሴም ለኮምቦልቻም ይሆናል፤ የኢትዮጵያም መብራት 220 ቮልት ነውና። ከአሜሪካ የመጣና 120 ብቻ የተጻፈበት ግን ያለ ኃይል መቀነሻ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ዲስክ ማስገቢያ እንዳለውም ይዩ። የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር ለሊባኖስ የተከፈተ ሲሆን ለኢትዮጵያ ግን የለም፤ ማስገቢያ በሌለው መሣሪያ አዲስ ጨዋታ የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ማስገቢያ ያለው ከሆነ ግን አንዱን ዲስክ የጎረቤት ልጆችም እየተዋዋሱ ይጫወቱበታል።