የጭቃ ቤት ቋሚ ከመነሳቱ በፊት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች የጭቃ ቤት ግድግዳ ተከፍቶ የሱቅ በር ሲወጣ ወይም ክፍል ሲሰፋ ቋሚ እንጨት ይነሳል። ሆኖም ማገርና ጭቃ ብቻ የያዘ ቋሚ እንዳለ ሁሉ ጣሪያ የተሸከመም አለ።

ለመለየት ኮርኒሱን ከፍቶ የቋሚውን ጫፍ መመልከት ያስፈልጋል። አግዳሚ ወይም ወራጅ ካረፈበት ተሸካሚ ነው። የውጭ ግድግዳና የማዕዘን ቋሚዎች እንዲሁም የመሐል ምሰሶ እንደ ተሸካሚ መወሰድ አለባቸው። ከጣሪያው ጋር የማይገናኝ ቋሚ በአብዛኛው ከፋፋይ ብቻ ነው።

ምስጥ በሚበረታባቸው እንደ መንዲና ነጆ ባሉ አካባቢዎች ግን የአጎራባች ቋሚዎች እግርም ይፈተሽ፤ እነርሱ ከተበሉ ጣሪያው ዝቅ ብሎ በከፋፋዩ ላይ ሊያርፍ ይችላልና።

ተሸካሚ ቋሚ ከመነሳቱ በፊት ጊዜያዊ ድጋፍ ሊቆም፣ ባለሙያም ሊያየው ይገባል። ስለ ፈቃድ የከተማዎን የሕንፃ ሹም ያማክሩ።