የት ልተኛ፣ ዶክተር?

ካዛንቺስ በምሠራበት ክሊኒክ የጠዋቱና የከሰዓቱ ታካሚ አይመሳሰልም። ጠዋት ሳሉ፣ ቁርጠቱ፣ የልጅ ትኩሳቱ ይበዛል። ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ የሚመጡት ግን ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከቢሮ ብቅ ያሉ ሰዎች ናቸው። «ራሴን ይፈልጠኛል።» «ኮምፒውተር ላይ ዓይኔ ይፈዛል።» «ድክም ድክም ይለኛል፣ እስቲ ግፊቴን ይለኩልኝ።» ግፊት እለካለሁ፣ ስኳር አያለሁ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጌ የደም ማነስ ምልክት እፈልጋለሁ። ችግር የሚገኝባቸው አሉ። የብዙዎቹ ምርመራ ግን ደህና ነው። ያኔ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚተኙና በስንት ሰዓት እንደሚነሡ እጠይቃለሁ።

«አምስት ሰዓት እተኛለሁ፣ አሥር ተኩል እነሣለሁ።» ይህን መልስ ከከተማዋ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ የሚመጣውም፣ ቱሉ ዲምቱ የሚኖረውም፣ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ሁለት ታክሲ የምትይዘውም ይሰጡኛል። ይህ የአምስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። በየቀኑ የሚጎድለው ሰዓት ተኩል ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲደመር የአንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ይሆናል።

ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማዘው መድኃኒት አይደለም፤ የሃያ ደቂቃ የቀን እንቅልፍ ነው። ፓራሲታሞል ይጻፍልኝ ብሎ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ቀጥሎ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ደግሞ በሕክምና ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም፦ «የት ልተኛ፣ ዶክተር?»

ካዛንቺስ ይህ ጥያቄ የማይነሣበት ሰፈር ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ብሎ የጀመረው ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ከቤት እየተቀጠለ፣ ወደ ሥራው በእግር የሚመላለስ ሰው ሞላበት። በሆቴሎቹ የምታስተናግደው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ የሆነው፣ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) አጥር ማዶ ሱቅ ያለው፣ በምሳ ሰዓት ቤቱ ይገባና ሽሮውን በልቶ ጋደም ይል ነበር። ልጅ ወይም ጎረቤት ይቀሰቅሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ ነዋሪ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ወዳለው ገላን ጉራ ገባ። ለክትትል ዛሬም እኔ ዘንድ የሚመጡ አሉ። የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ስለ አዲሱ ቤታቸው ስፋት፣ ስለ ውኃውና ስለ መጸዳጃው አመስግነው ሲያበቁ፣ «የቀን ጋደም ማለቴ ግን ቀረ» አሉኝ። ሥራቸው እዚሁ ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የታካሚዎቼን የቀን እንቅልፍ ከግፊትና ከስኳር እኩል እከታተላለሁ፤ ከቦታ ጋር የሚሄድ ጤና መሆኑን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ሰው ከቀትር በኋላ የሚጫጫነው በምሳ ምክንያት ይመስለዋል። ምሳ ያባብሰዋል እንጂ መነሻው አይደለም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ታካሚዎቼም ስምንት ሰዓት ላይ ያንጎላጃሉ። አንጎላችን ውስጥ ያለው ሰዓት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ንቃታችንን ዝቅ ያደርገውና አመሻሹ ላይ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ከዚህም ሌላ፣ ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ በበዛ ቁጥር እንቅልፍ ይከብደናል። የሚያጠራው እንቅልፍ ብቻ ነው። ቡና አያጠራውም፤ ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ድካሙ ለጊዜው እንዳይሰማን ያደርጋል። ከሌሊቱ አሥር ተኩል የተነሣ ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ለዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነቅቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ዓይኑ ቢከደን ስንፍና አይደለም።

ሃያ ደቂቃ የምለው በምክንያት ነው። እንቅልፍ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀላል ናቸው፤ ሰው ቢጠራ ይሰማል፣ ሲነሣም ወዲያው ይነቃል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን፣ በተለይ የሌሊት እንቅልፍ የጎደለው ሰው፣ ጥልቁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የተቀሰቀሰ ሰው ራሱ ከብዶት፣ አፉ መርሮት፣ ጠዋት ይሁን ማታ ግራ ገብቶት ነው የሚነሣው። «የቀን እንቅልፍ አይስማማኝም» የሚሉኝን ምን ያህል እንደተኙ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል የተኙ ናቸው። አንድ ሙሉ የእንቅልፍ ዙር ዘጠና ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ እነሱ የተነሡት መሀል ላይ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ረጅም በረራ የሚያበሩ አብራሪዎችን ባጠና ጊዜ ተራ በተራ አርባ ደቂቃ የማረፊያ ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር፤ በአማካይ የተኙት 26 ደቂቃ ሲሆን፣ በረራው ሊያበቃ ሲል ካላረፉት ይልቅ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። ለታካሚዎቼ አላርማቸውን ለሃያ አምስት ደቂቃ እንዲሞሉ እነግራቸዋለሁ፤ አምስቱ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አይሆንም፤ የማታውን ይሻማል።

ቡናውንም አልከለክልም። ይልቁንም አቦሉን ጠጥተው ወዲያው ጋደም እንዲሉ እመክራለሁ። ካፌይን ሥራውን ለመጀመር ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሰውየው ሲነሣ ይደርስለታል። እንግሊዝ አገር በላፍበራ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንቅልፍ ያነሳቸውን አሽከርካሪዎች በማስመሰያ መኪና ሲፈትኑ፣ ቡና ጠጥተው አጭር እንቅልፍ የተኙት ቡና ብቻ ከጠጡት ያነሰ ስሕተት ሠርተዋል። ቶናውንና በረካውን ግን ለሌሎች ይተዉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና እስከ ማታው አራትና አምስት ሰዓት ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው፤ ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው ይመጣሉ።

ወደ ቦታው ጉዳይ ልመለስ። ከታካሚዎቼ ሁሉ በዚህ የበሰለው በራይድ የሚሠራ አንድ ሹፌር ነው። መጀመሪያ የመጣው ወደ ኡራኤል ሲነዳ ለአፍታ ዓይኑ ተከድኖ፣ ሲነቃ ከፊቱ ያለው መኪና ፍሬን ይዞ ስላገኘው ደንግጦ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል፤ ሦስት ሰከንድ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሳይታወቀው የሚያንቀላፋበት ጊዜ ነው። እንደ አንዳንድ ባልደረቦቹ ጫት ጀምሮ ነበር፤ ቀን ቢያነቃውም ማታ አላስተኛ አለው። አሁን ስምንት ሰዓት ሲቃረብ አፑን ያጠፋና ጥላ ያለበት ማቆሚያ ይገባል። ሞተሩን ያጠፋል፤ ይህን አጥብቄ ነግሬዋለሁ፣ ምክንያቱም የቆመ መኪና ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ይዞ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሮቹን ይቆልፋል፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ይከፍታል፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ይለቃል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ እናቱ የሰጡትን ነጠላ ዓይኑ ላይ ጣል ያደርጋል። አላርሙን የሞላውን ስልክ ከጭኑ ሥር ይሸጉጣል። የፓርኪንጉ ልጅ ደግሞ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ መስታወቱን እንዲያንኳኳለት ተስማምተዋል። ከተነሣ በኋላ አምስት ደቂቃ ከመኪናው ወርዶ ሳይንጎራደድ አይነዳም። ስለ ነጠላው አንድ ነገር ልጨምር፤ ጨለማ እንቅልፍን ያፈጥነዋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የተኛ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። ነጠላ ወይም ጋቢ ሁለቱንም ይመልሳል።

ቢሮ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። ጠረጴዛ ላይ ግንባርን ክንድ ላይ ጥሎ መተኛት እጅ ያደነዝዛል፣ ዓይን ይጫናል፤ ወንበሩን ግድግዳ አስጠግቶ፣ አንገትን በሻርፕ ደግፎ፣ እግርን መሬት ማሳረፍ ይሻላል። ሴት ታካሚዎቼ ሌላ ነገር ያነሣሉ፤ ቢሮ ውስጥ ተኝታ ብትገኝ ምን ትባላለች፣ በሩ ባይቆለፍስ? ይህ ተገቢ ሥጋት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ሁለት ጓደኛሞች ተራ ገብተው ይተኛሉ፤ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ አጠገቧ ተቀምጣ ቡናዋን ትጠጣለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ትቀሰቅሳታለች። እንቅልፍ ባይመጣም ግድ የለም፤ ዓይንን ከድኖ ስልክን አርቆ ሃያ ደቂቃ መቆየትም ያሳርፋል።

ለመንግሥት ሠራተኞች በዓርብ እንዲጀምሩ እነግራቸዋለሁ። ሌላው ቀን የምሳ እረፍቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ዓርብ ግን ለጁምዓ ሲባል ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። ሙስሊም ታካሚዎቼ ስለ ቀትር እንቅልፍ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም፤ ነቢዩ ያደርጉት የነበረውን ቀይሉላ ያውቁታል። በድሬዳዋም ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ዘግቶ ማረፍ የቆየ ልማድ ነው። ሸዋ ደጋው ላይ አየሩ ስላልገፋን ይህን ልማድ አላበጀንም፤ ዛሬ የሚገፋን የመንገዱ ርዝመት ነው።

የሌሊት ሠራተኞች ደንባቸው የተለየ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነ ዘበኛ፣ ነርስ ወይም የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ከሥራ በፊት ከሰዓት በኋላ ዘጠና ደቂቃ ቢተኛ ሌሊቱን ይሻገረዋል። ለእነሱ ሃያ ደቂቃ አይበቃም።

የቀን እንቅልፍ ለሁሉም ሰው አይታዘዝም። ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ቀን ቢተኛ ይብስበታል። በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቶም የማይጠግብ ሰው መመርመር አለበት፤ ከጀርባው ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ድባቴ ሊኖር ይችላል። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚባንን ሰው፣ ይህን የምትነግረኝ ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢተኛም አላረፈም። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከፋርማሲ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚንም ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ከ23,000 በላይ ግሪካውያንን የተከታተለ ጥናት፣ የቀትር እንቅልፍ የሚያዘወትሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ለታካሚ ስናገረው ግን እጠነቀቃለሁ፤ የሚተኙት ሰዎች በሌላ ነገርም ከማይተኙት ሊለዩ ይችላሉ።

አንድ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ፣ ሠራተኞቼን በሥራ ሰዓት ተኙ ትያቸዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ እኔ የምለምነው ከስምንቱ ሳይሆን ከምሳ ሰዓቱ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ መጋረጃ፣ ሁለት ሦስት ፍራሽና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት በዙሪያችን እምብዛም አላየሁም፤ የስብሰባ አዳራሾቹ ግን ቀትር ላይ ባዶ ናቸው።

በሆቴሉ ወጥ ቤት የሚሠሩት እናት እንዲህ ያለ ክፍል አልነበራቸውም። ከምሳ ግርግር በኋላ ሃያ ደቂቃ ጋደም እንዲሉ በክሊኒኩ ወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋቸው። አለቃቸው ወረቀቱን አይቶ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለችውን አግዳሚ ፈቀደላቸው፤ ፍራሽ ቢጤ ከቤት አምጥተው አነጠፉባት። በሚቀጥለው ክትትል አብራቸው የምትሠራ ልጅ ይዘው መጡ፤ እሷም ወረቀቱን ፈልጋ ነው። ከመጻፌ በፊት የዓይን ቆቧን ገለጥ ሳደርግ ነጥቶ አገኘሁት። ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ ተገኘባት፤ የአይረን እንክብል ጀመረች፣ መንስኤውን ለማወቅ ለሌላ ምርመራ ቀጠርኳት። የሃያ ደቂቃውን ወረቀትም አብሬ ሰጠኋት።