በትራኮማ አገር የሚሸሸገው የዓይን ሄርፒስ

በዱራሜም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የከምባታ ገጠር ቀበሌዎች ዓይኑ የቀላ ሰው ሲታይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ትራኮማ ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 40.1 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይኸው ጥናት ብዙም የማይነሣ ሌላ ቁጥር ይዟል፦ ከዓይነ ስውርነት መንሥኤዎች መካከል ትራኮማ ያስከተለው የኮርኒያ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ጥርት ያለ የዓይን የፊት ሽፋን፣ ጠባሳ 11.5 በመቶ ሲይዝ፣ ከትራኮማ ውጭ የመጣው ጠባሳ ደግሞ 7.8 በመቶ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጠባሳ ከሚዳርጉት አንዱ ሄርፒስ ነው።

ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 የተባለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት በንክኪ ይተላለፍና፣ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ሥር ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል። ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ሰውነትን ሲያደክም በነርቩ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ ወደ ከንፈር ሲወርድ ብዙዎች ምች ብለው ዳማከሴ የሚያሹለትን የውኃ ቋጠሮ ያወጣል፣ ወደ ዓይን ሲወርድ ግን ኮርኒያን ያቆስላል።

ሕመሙ ባብዛኛው በአንድ ዓይን ብቻ ይጀምራል፤ ዓይኑ ይቀላል፣ እንባ ያፈሳል፣ ብርሃን አይችልም፣ እይታው ይደበዝዛል፤ ሽፋሽፍት የሚያጣብቅ ወፍራም ዓይናር ግን እምብዛም የለውም። ትራኮማ በአንጻሩ ሁለቱንም ዓይን የሚይዝና ምልክቱን በላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚተው በመሆኑ ቆቡን ገልብጦ ማየት ይረዳል፤ ሆኖም በትራኮማ በተጎዳ ዓይን ላይ ሄርፒስ ሊደረብ ስለሚችል የአንዱ መገኘት ሌላውን አያስቀርም። በኩፍኝ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትም ሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ጊዜ ሊቆስሉ ይችላሉ።

ምርመራው ውድ መሣሪያ የግድ አይፈልግም። ቫይረሱ የኮርኒያን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ፣ መርማሪው የማደንዘዣ ጠብታ ከማድረጉ በፊት በቀጭኑ በተፈተለ ጥጥ ጫፍ ሁለቱን ዓይኖች በየተራ ነክቶ ስሜታቸውን ያነጻጽራል። ቀጥሎም ፍሎረሲን የተባለ ቀለም የያዘ ወረቀት አርጥቦ ዓይኑን ያስነካና በሰማያዊ ብርሃን ይመለከታል፤ ቁስሉ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ፣ ጫፎቹም አበጥ ብለው ከታዩ የሄርፒስ ዋና መለያ ተገኝቷል። ፒሲአር የተባለው የቫይረስ ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክቱ ሲያጠራጥር ነው።

ለትራኮማ የሚሰጡት አዚትሮማይሲንና የቴትራሳይክሊን ቅባት ቫይረስን አይነኩም። ይሁን እንጂ ላይ ላዩን ያለ የሄርፒስ ቁስል በሳምንታት ውስጥ በራሱም ሊድን ስለሚችል፣ ምስጋናው ላልሠራው መድኃኒት ይሰጥና ሕመሙ ሳይታወቅ ያልፋል፤ እየተመላለሰ ግን ጠባሳ ያነጥፋል። ስለዚህ «ይኸው ዓይን ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራው እኩል ዋጋ አለው። ከሁሉ የከፋው ያለ ምርመራ የሚገዛ፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ የያዘ ጠብታ ነው፤ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያበርድ ያዳነ ይመስላል፣ ቫይረሱ ግን መከላከያው ተዳክሞለት ቁስሉን ያሰፋል። ስቴሮይድ ቦታ የሚኖረው ብግነቱ ወደ ኮርኒያ ጥልቀት ሲገባ፣ ያውም ከፀረ ቫይረስ መድኃኒት ጋር በዓይን ሐኪም ክትትል ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሕመሙ ቀድሞ ለነበረባቸው ሰዎች አሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ ለ12 ወራት በአፍ ሲሰጥ ማገርሸቱ ከ32 ወደ 19 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል።

የዚሁ ቤተሰብ ሌላ ቫይረስ አልማዝ ባለጭራን ያመጣል። በግንባር በአንድ ወገን የወጣ የሚያቃጥል ሽፍታ ወደ አፍንጫ ጫፍ ከወረደ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳመለከተው፣ ዓይን የመነካቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። በወጣት ላይ ሲታይ የኤችአይቪ ምርመራ አብሮ መደረግ ይኖርበታል፤ አሲክሎቪሩም ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የተሻለ ስለሚሠራ፣ ሕመምተኛው ዓይኑ እስኪቀላ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል።