ልጡን እባብ የሚያደርገው ፍርሃት

ቻርልስ ዳርዊን በለንደን የእንስሳት ማቆያ፣ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ላለች የአፍሪካ እፉኝት ፊቱን አስጠግቶ፣ ብትሰነዝርም ንቅንቅ ላይል ቆረጠ። በሰነዘረች ቅጽበት ግን ወደ ኋላ ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አውግቶናል፤ በሕይወቱ ደርሶበት የማያውቅ አደጋ አእምሮውንም ፈቃዱንም አሸነፈበት።

ታዲያ የእባብ ፍርሃት አብሮን ይወለዳል? እንዲያ ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ሕፃናት የእባብ ምስል ሲያዩ ዓይናቸው ቶሎ ይሳባል እንጂ በፍርሃት አያለቅሱም። ነገሩን ያጠራው ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦቿ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጦጣዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። በቤተ ሙከራ ተወልደው ያደጉ ጦጣዎች እባብ አይፈሩም፤ በላዩ እጃቸውን አሳልፈው ምግብ ያነሳሉ። ከጫካ የመጣ ጦጣ እባብ አይቶ ሲርበተበት ካዩ በኋላ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ፍርሃቱን ተማሩ፤ ከወራት በኋላም አልረሱትም። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው የፍርሃቱን ቪዲዮ ቀጣጥለው ያው ጦጣ አበባ አይቶ የደነገጠ አስመሰሉት። አበባን መፍራት የተማረ ተመልካች አልተገኘም።

የወረስነው እንግዲህ ፍርሃቱን ሳይሆን ፍርሃቱን ቶሎ የመማር ዝግጁነትን ነው። ስለ አእምሮ ዝግመተ ለውጥ የሚነገረው ብዙው ነገር ካለፈ በኋላ የተፈጠረ ተረት ይመስላል፤ ይህኛው ግን በአበባ ተፈትኖ ያለፈ በመሆኑ የበለጠ ያሳምነኛል።

ሊን ኢዝቤል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ደግሞ የጦጣና የሰው ዓይን የሰላው ራሱ እባብን ለመለየት ነው ትላለች። ደፋር መላምት ነው፤ የሚከራከሩትም አሉ። ሆኖም በ2013 በታተመ ጥናት፣ እባብ አይተው በማያውቁ የጃፓን ጦጣዎች አንጎል ውስጥ ለእባብ ምስል ከሌሎች ምስሎች ቀድመው የሚነቁ የነርቭ ሴሎች ተገኝተዋል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል በፈሪው ይሳቃል። በተፈጥሮ ምርጫ ስሌት ግን ፈሪው አልከሰረም። በልጥ የደነገጠ የሚያጣው ለአፍታ የልቡን እርጋታ ብቻ ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ የረገጠው ግን ልጅ ሳይወልድ ሊቀር ይችላል። እኛ የደንጋጮቹ ዘሮች ነን።

ይህ ስሌት ዛሬ ከዘመኑ ጋር አልተገጣጠመም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ተነድፎ ይሞታል። በመንገድ ትራፊክ አደጋ የሚሞተው ደግሞ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይሁንና መኪና ከመጣ 150 ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ለተፈጥሮ ምርጫ ጥቂት ትውልድ ነው። ሰውን ከእባብ ለማሸሽ አዋጅ አላስፈለገም፤ ቀበቶ ለማሳሰር ግን ሕግ፣ ትራፊክ ፖሊስና ቅጣት አስፈልጓል።